የቡና ቅጠል ለምን ይረግፋል? መንስኤውን ስለመለየትና ስለማከም

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በአንድ አጭር ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል። ቡናው ቅጠሉን ሲያራግፍ ምን እናድርግ? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሆኖም ወደ እኛ ወደ ባለሙያዎቹ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ግማሽ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ቡናዬ ቅጠሉን ጨረሰ፣ ምን መድኃኒት ልርጭ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ምን ነካው?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ «ምን ልርጭ?» የሚለው ሲቀድም ጉዳቱ በሦስት መንገድ ይመጣል። ንጥረ ምግብ ያጣ ተክል ፀረ ፈንገስ ይረጭበትና የገበሬው ገንዘብ በከንቱ ይባክናል። ዋግ የያዘው ተክል ማዳበሪያ ብቻ ይጨመርለትና የሚቀጥለው ዓመት ምርት አብሮ ይጠፋል። ከሁሉም የከፋው ሦስተኛው ነው፤ አጠውልግ የያዘው ተክል «ድርቅ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ያገግማል» ተብሎ ይተውና እርሱን የነካው ገጀራ ወደ ጤነኛው ጎረቤቱ ይሻገራል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ቡና ግን በሽታውን የሚደብቅ ተክል አይደለም። በቅጠሉ ፊትና ጀርባ፣ በቅርንጫፉ ጫፍ፣ በግንዱ ልጥ ሥርና በሥሩ ላይ ምልክቱን ያሳያል። የሚጎድለው የእኛ አስተውሎት ነው። ስለዚህ የዚህ ገለጻ ዓላማ የመድኃኒት ዝርዝር መስጠት ሳይሆን ምልክቶቹን በሥርዓት የማንበብን ዘዴ ማሳየት፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ መንስኤ የሚገባውን ሕክምና መጠቆም ነው።

የቅጠል ዕድሜና የፍሬ ሸክም

አስቀድመን ጤነኛውን እንወቅ። ቡና ዓመቱን ሙሉ ለምለም የሆነ ተክል ቢሆንም እያንዳንዱ ቅጠል ለዘለዓለም አይኖርም። የአረቢካ ቡና ቅጠል በመልካም ሁኔታ ላይ ዕድሜው አንድ ዓመት አካባቢ ነው። ስለዚህ በቅርንጫፉ ውስጠኛ ክፍል የሚገኙ ያረጁ ቅጠሎች ጥቂት በጥቂት ቢጫ ሆነው ቢወድቁና በጫፉ አዳዲስ ቅጠሎች እየተተኩ ቢሆን ሊያስደነግጠን አይገባም። በረዥም በጋ ወቅትም ተክሉ ውኃ ለመቆጠብ የተወሰኑ ቅጠሎቹን ይጥላል። ይህ ራሱን የሚከላከልበት ዘዴ ነው።

አሳሳቢ የሚሆነው የሚወድቀው ከሚተካው ሲበልጥ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የቡናን የአፈራር ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። ቡና የሚያብበው በአብዛኛው ባለፈው ዓመት ባደገው የቅርንጫፍ ክፍል ላይ ነው። ዘንድሮ የሚያድገው ቅርንጫፍ የከርሞ ፍሬ ቤት ነው ማለት ነው። ያንን ቅርንጫፍ የሚያሳድገው ምግብ የሚዘጋጀው ደግሞ በዘንድሮው ቅጠል ውስጥ ነው። ስለሆነም በጥቅምትና በኅዳር ቅጠሉን ያጣ ቡና በዛፉ ላይ ያለውን ፍሬ እንደምንም አብስሎ ቢያስለቅምም ኪሳራው በሚቀጥለው ዓመት ይታያል። ገበሬው ጉዳቱንና መንስኤውን ለማገናኘት የሚቸገረውም በዚህ ምክንያት ነው። በመካከላቸው አንድ ዓመት አለና።

ሌላም ነጥብ አለ። የቡና ፍሬ እጅግ ኃይለኛ ምግብ ሳቢ ነው። እንደ ሌሎች ብዙ የፍራፍሬ ተክሎች ቡና ከአቅሙ በላይ የያዘውን ፍሬ በበቂ መጠን አያራግፍም። ፍሬው ከበዛ ከቅጠሉ፣ ከቅርንጫፉና ከሥሩ ሳይቀር የተከማቸውን ምግብ አሟጦ ይወስዳል። ይህንን በኋላ እንመለስበታለን።

ከመወሰን በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

ወደ ማሳው ስንገባ በመጀመሪያ ካየነው ዛፍ አጠገብ ቆመን መፍረድ የለብንም። ማሳውን በዚግዛግ እየተዘዋወርን ሃያ ወይም ሠላሳ ዛፎችን እንይ፤ ከእያንዳንዱም ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ያሉ ቅርንጫፎችን እንመርምር። ከዚያም አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንጠይቅ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ጉዳቱ በማሳው ላይ እንዴት ተሠራጨ? ማሳውን በሙሉ በእኩል መጠን ከነካ ድርቅን፣ የንጥረ ምግብ እጥረትን ወይም የፍሬ ብዛትን እንጠርጥር። አንድ ዛፍ ደርቆ ጎረቤቶቹ ጤነኛ ከሆኑ፣ ወይም ጉዳቱ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ እየሰፋ ከሄደ ግንድና ሥርን የሚያጠቃ በሽታ ሊሆን ይችላል። ረባዳውን ቦታ ብቻ የሚከተል ከሆነ ሥር የሚያፍን ውኃ ተኝቶ እንደሆነ እንይ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የተጎዳው የትኛው ቅጠል ነው? ያረጀው ነው ወይስ ለጋው? ይህ ቀላል የሚመስል ጥያቄ የግምቱን መንገድ በግማሽ ያሳጥረዋል። ናይትሮጅን፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም በተክሉ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ መዘዋወር የሚችሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ሲያጥሩ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ ምልክቱ በአሮጌው ላይ ይጀምራል። ብረትና ዚንክ ግን እንደ ልብ አይዘዋወሩም፤ እጥረታቸው በለጋው ቅጠል ላይ ይታያል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ በቅጠሉ ጀርባ ምን አለ? ብዙዎቻችን ቅጠልን የምናየው ከላይ ነው። የቡና ቅጠል መተንፈሻ ቀዳዳዎች የሚገኙት ግን በታችኛው ገጽ ስለሆነ ዋነኛው ጠላት የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ በኩል ነው።

አራተኛው ጥያቄ፦ በልጡ ሥርና በሥሩ ላይ ምን አለ? ዛፉ በሙሉ እየጠወለገ ከሆነ ቅጠሉን ማየት በቂ አይደለም። ከመሬት አጠገብ ግንዱን በስለት ጥቂት ፋቅ አድርጎ ከልጡ ሥር ያለውን እንጨት ማየት ያስፈልጋል።

እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች እንለፍ።

የቡና ቅጠል ዋግ

ዋግ ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ በተባለ ፈንገስ የሚመጣ በሽታ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የመጀመሪያው ቃል «ግማሽ ለስላሳ» ማለት ሲሆን የኩላሊት ቅርጽ ያለውን የስፖሩን አንድ ወገን ልስላሴ ያመለክታል፤ ሁለተኛው ቃል «አውዳሚ» ማለት ነው። ምልክቱ ከላይ ሲታይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነጠብጣብ ነው። ቅጠሉን ስንገለብጠው በዚያው ቦታ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት እናገኛለን። በጣት ሲነካ ይለቃል፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ቢጠረግ ቀለሙን ይተዋል። ይህ ፈተና የዋግ መታወቂያ ነው። ቅጠልን ቢጫ የሚያደርጉ ብዙ ነገሮች አሉ፤ በጀርባው ብርቱካናማ ዱቄት የሚያፈራ ግን እርሱ ነው።

የዋግ ስፖር እንዲበቅል ጠል ወይም የዝናብ ውኃ በቅጠሉ ላይ ለሰዓታት መቆየት አለበት። ቀዝቀዝ ያለ ሳይሆን ለብ ያለ አየር፣ በተለይ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይስማማዋል። ብርሃን አይወድም፤ ስለዚህ ሥራውን በአብዛኛው በሌሊት ይሠራል። በመተንፈሻ ቀዳዳው ከገባ በኋላ ሳይታይ ለሳምንታት ይቆያል፤ እንደ ሙቀቱ መጠን ከሦስት ሳምንት እስከ ሰባት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በኋላ አንዲት ቁስል ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስፖሮችን ታመርታለች። በሀገራችን ብዙ የቡና አካባቢዎች ኢንፌክሽኑ በክረምቱ ዝናብ ውስጥ እየተደራረበ ይሄድና ጎልቶ የሚታየው ክረምቱ ካበቃ በኋላ፣ ፍሬው በሚቀላበት ወቅት ነው። እንግዲህ በኅዳር ወር ብርቱካናማውን ዱቄት አይቶ መርጫ የሚያነሣ ሰው የደረሰው ከበሽታው በኋላ ነው።

የመዘግየትን ዋጋ ከታሪክ እንማር። ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው በሲሎን ደሴት ዋግ በሳይንስ የተመዘገበው በ1869 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ማርሻል ዋርድ በሽታውን እንዲያጠና ወደ ደሴቲቱ የተላከው በ1880 ሲሆን፣ የፈንገሱን አኗኗር በጥንቃቄ ገልጾ እስከ 1882 ድረስ ሠራ። የምርመራው ውጤት ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው በተጀመረበት ጊዜ በሽታው ደሴቲቱን አዳርሶ ነበር። ተራሮቹ ያለማቋረጥ በአንድ ዓይነት ቡና ተሸፍነው ስለነበር ስፖሩ ከማሳ ወደ ማሳ ሲጓዝ የሚያግደው ነገር አልነበረም። የደሴቲቱ የቡና እርሻ ወደቀ፤ ቦታውንም ሻይ ተካው። ዋግ በ1970 ብራዚል ውስጥ ታየ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በመካከለኛው አሜሪካ ታላቅ ወረርሽኝ አስነሥቶ ብዙ አነስተኛ አምራቾችን ከነቤተሰባቸው ለችግር ዳረገ።

በኢትዮጵያ የቡና ደኖች ውስጥ ዋግ ቢኖርም እንዲህ ያለ ውድመት አላደረሰም። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች በርካታ ናቸው። አረቢካ ቡና የትውልድ ቦታው እዚህ በመሆኑ በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ ልዩ ልዩ የዘር ባሕርይ ያላቸው ዛፎች ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ አንዱን ያጠቃ የዋግ ዝርያ ሌላውን ላይችለው ይችላል። በተጨማሪም ዋግን ራሱን የሚበላ ሌላ ፈንገስ አለ። በብርቱካናማው ዱቄት ላይ ነጭ ብናኝ ተደርቦ ካያችሁ ይህ ሌካኒሲሊየም የተባለው የገበሬው ወዳጅ ሊሆን ይችላል። «አዲስ በሽታ መጣ» ብሎ በመድኃኒት ማጥፋት ወዳጅን መግደል ይሆናል።

ሕክምናውስ? የመጀመሪያው የማሳ አያያዝ ነው። ከለቀማ በኋላ ግረዛ ማካሄድ፣ የተጨናነቁ ቅርንጫፎችን ማሳሳትና አየር እንዲዘዋወር ማድረግ ቅጠሉ ፈጥኖ እንዲደርቅ ይረዳል። ተክሉን በሚገባ መመገብ የወደቀውን ቅጠል የመተካት አቅም ይሰጠዋል። በመዳብ ላይ የተመሠረቱ ፀረ ፈንገሶች የመከላከል እንጂ የመፈወስ ኃይል የላቸውም፤ ስለዚህ የሚረጩት ዝናቡ ከመክበዱ በፊት ነው፤ የቅጠሉን ጀርባም ማዳረስ አለባቸው። ወደ ቅጠሉ ውስጥ የሚሰርጉ መድኃኒቶችም አሉ፤ እነዚህን በባለሙያ ምክር፣ በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠንና ከለቀማ በፊት ሊጠበቅ የሚገባውን ቀን አክብሮ መጠቀም ግድ ነው። መዳብ በአፈር ውስጥ እየተከማቸ የሚሄድ ብረት መሆኑም አይዘንጋ። ቡናውን ያለ ኬሚካል በማምረቱ የተሻለ ዋጋ የሚያገኝ ማኅበር አባል የሆነ ገበሬ ደግሞ ከመርጨቱ በፊት ማኅበሩን ይጠይቅ።

የቡና አጠውልግ

አሁን ወደ አደገኛው እንምጣ። አጠውልግ ጂበሬላ ዛይላሪዮይድስ በተባለ ፈንገስ የሚመጣ ሲሆን በሀገራችን በአረቢካ ቡና ላይ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ፈንገሱ የሚኖረው ተክሉ ውኃ በሚያመላልስባቸው ቧንቧዎች ውስጥ ነው። እነርሱን ሲዘጋቸው ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይጠቀለላል፣ ቢጫ ከዚያም ቡናማ ይሆንና ይረግፋል። ብዙ ጊዜ በዛፉ አንድ ወገን ይጀምርና ወደ ሌላው ያልፋል። ፍሬው ጊዜው ሳይደርስ የቀላ መስሎ በቅርንጫፉ ላይ ይደርቃል።

ከድርቅ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ድርቅ ማሳውን በሙሉ ይነካል፤ አጠውልግ ግን ዛፍ እየመረጠ ይጀምራል። ሁለተኛውና ወሳኙ፣ ከመሬት አጠገብ የግንዱን ልጥ ስንፍቅ ነጭ መሆን የነበረበት እንጨት ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚያደላ መስመር ይዞ ይገኛል። በሞተው ዛፍ ግንድ ላይ በልጡ ስንጥቅ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦችም ይታያሉ፤ የፈንገሱ የመራቢያ አካላት ናቸው።

ይህ በሽታ ከያዘው በኋላ ዛፉን የሚያድን መድኃኒት የለም። ይህን በግልጽ መናገር የባለሙያው ግዴታ ነው፤ የማይሠራ መድኃኒት መሸጥም ማዘዝም ገበሬውን ሁለት ጊዜ ማክሰር ነውና። የሚቻለው ጎረቤቱን ማዳን ነው። የታመመው ዛፍ ተነቅሎ እዚያው በበቀለበት ቦታ መቃጠል አለበት። በማሳው ውስጥ እየተጎተተ ቢወጣ፣ ለማገዶ ወይም ለአጥር ቢወሰድ በሽታው አብሮ ይጓዛል። በጉድጓዱ ላይ ወዲያው ሌላ የቡና ችግኝ መትከል ተገቢ አይደለም።

ፈንገሱ ወደ ተክሉ የሚገባው በቁስል ነው። ቁስሉን የምናደርሰው ደግሞ በአብዛኛው እኛው ነን። በገጀራ አረም ስንመነጥር የቡናውን እግር እንነካለን፤ ያው ገጀራ ከታመመው ወደ ጤነኛው ያልፋል። ስለዚህ በቡናው እግር ዙሪያ ያለው አረም በእጅ ይነቀል፤ ጉዝጓዝ በማልበስም አረሙ ይቀንስ። በግረዛና በጉንደላ ጊዜ ስለቱን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገሩ በእሳት ማስመታት ወይም በበረኪና ወይም በአልኮል መጥረግ ያስፈልጋል። በአካባቢው ተዘዋውረው በቀን ሥራ የሚመነጥሩ ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ከማሳ ማሳ ስለሚሄዱ ይህ ምክር ለባለ ማሳው ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛውም መድረስ አለበት።

አጠውልግን የሚመስል ሌላ ገዳይ በሽታ አለ፤ አርሚላሪያ የተባለው የሥር መበስበስ። በዚህ ጊዜ ልጡን ስንፍቅ የምናገኘው ጥቁር መስመር ሳይሆን በልጡና በእንጨቱ መካከል የተዘረጋ፣ የእንጉዳይ ሽታ ያለው ነጭ ድር መሳይ ነገር ነው። ምንጩ ደን ተመንጥሮ ሲተከል በመሬት ውስጥ የቀረ የበሰበሰ ጉቶ ነው። ሕክምናው የታመመውን ቡና ከነሥሩ፣ ጉቶውንም ጭምር ቆፍሮ ማውጣትና ማቃጠል ነው።

ረሃብ፣ ሸክምና ፀሐይ

በሽታ ያልሆኑ መንስኤዎች ብዙ ናቸው፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ለበሽታው በር የሚከፍቱት እነርሱ ናቸው።

አሮጌው ቅጠል በሙሉ ወጥ በሆነ ቢጫነት ከፈዘዘ ናይትሮጅን አጥሮታል። የቅጠሉ ሥሮች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ በተለይም በፍሬው አጠገብ ባሉ አሮጌ ቅጠሎች ላይ ከታየ ማግኒዚየም ነው። የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ እንደተቃጠለ ከደረቀ ፖታሲየም ነው። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ የሥሩ መረብ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት ነው፤ ይህ ግን ብረቱ በአፈሩ ውስጥ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ቡና መጠነኛ አሲዳማ አፈር ይወዳል። በጓሮ ቡና እግር ሥር አመድ በየቀኑ ከተደፋ የአፈሩ አሲድነት ይቀንስና ብረቱ ለሥሩ በማይመች መልክ ይታሰራል። ለጋው ቅጠል ትንሽና ጠባብ ከሆነ ዚንክን እንጠርጥር። እነዚህ ምልክቶች ተደራርበው ስለሚመጡ ብዙ ገንዘብ ለማዳበሪያ ከማውጣት በፊት የአፈር ምርመራ ማስደረግ ይመከራል። ኮምፖስት፣ በሚገባ የበሰበሰ የከብት ፍግና የቡና ገለፈት ግን ጥቅማቸው ምርመራ አይጠብቅም።

ከሸክም የሚመጣው መራገፍ በበለጠ ትኩረት ሊታይ ይገባል። አንድ ገበሬ «ጥላው ምርቴን ቀነሰ» ብሎ ዋንዛውን፣ ብርብራውንና ሰሳውን ቆረጠ እንበል። በሚቀጥለው ወቅት ቡናው ብርሃን ስላገኘ እጅግ ያብባል፣ እጅግ ያፈራል። ገበሬው ይደሰታል። ሆኖም ያንን ፍሬ የሚመግብ ተጨማሪ ፍግም ማዳበሪያም አልተሰጠውም፤ ከጥላ ዛፎቹ ቅጠል የሚገኘው ብስባሽም ቀርቷል። ፍሬው ተክሉን አሟጦ ይበላዋል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ የቅርንጫፉ ጫፍ ወደ ውስጥ እየደረቀ ይመጣል፤ ጥቃቅን ሥሮችም ይሞታሉ። በሦስተኛው ዓመት የሚታየው ራቁቱን የቆመ ቅርንጫፍ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ ፍሬ የተሸከመ ተክል ቅጠል ለዋግ ይበልጥ ይጋለጣል። ፀሐይና የናይትሮጅን እጥረት ሲገናኙም ሰርኮስፖራ የተባለው ፈንገስ ይመጣል፤ ምልክቱ መሐሉ ግራጫ ወይም ነጭ፣ ዙሪያው ቡናማ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ዓይን መሳይ ክብ ነጥብ ነው። በችግኝ ጣቢያ ይህን ካያችሁ መርጫ ከማንሣታችሁ በፊት ዳሱንና ምግቡን ተመልከቱ።

ይህ ማለት ጥላ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። ከመጠን ያለፈ ጥላ ቅጠሉ ረጥቦ እንዲቆይ በማድረግ ለዋግ ይመቻል፣ ምርትንም ይቀንሳል። የሚፈለገው ፀሐይ በጥላው መካከል እየተንጠባጠበ የሚገባበት መጠነኛ ጥላ ነው። ብርብራና ሰሳ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው አፈሩን የሚያበለጽጉ በመሆናቸው ሲመረጡ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የበዛው ጥላ ቅርንጫፉ ይከርከም እንጂ ዛፉ አይውደም።

አርጅቶ ለተራቆተ፣ ግንዱና ሥሩ ግን ጤነኛ ለሆነ ቡና ሕክምናው ጉንደላ ነው። ከለቀማ በኋላ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ፣ ውኃ እንዳይተኛበት በሰያፍ መቁረጥ፤ ከሚወጡት ቡቃያዎች ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮችን አስቀርቶ ሌላውን መንቀል። ጉንደላ ሁለት ዓመት ያህል ምርት ያሳጣል። ስለሆነም ማሳውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መጎንደል ሳይሆን በየዓመቱ በከፊል ማድረስ ለቤተሰቡ ኑሮ ይሻላል። በማሳው ውስጥ አጠውልግ ካለ ደግሞ እያንዳንዱ የጉንደላ ቁስል በር ነውና ስለ ስለት ንጽሕና የተባለውን አስታውሱ።

ስለ ነፍሳት አንድ ቃል ልጨምር። በቅጠሉ የላይኛ ገጽ ላይ ቡናማ የደረቀ እብጠት ካያችሁ በጣት አሻሹት። የላይኛው ስስ ቆዳ ከተላቀቀና በውስጡ ጥቃቅን ነጫጭ ትሎች ከተገኙ ቅጠል ሰርሳሪው ነው። ይህ ነፍሳት ብዙ የተፈጥሮ ጠላቶች አሉት። በየጊዜው ጠንካራ ፀረ ተባይ መርጨት ጠላቶቹን ገድሎ እርሱን ያበዛዋል። ጥቂት እብጠት ስላየን ብቻ መርጨት አይገባም።

ሕክምናው ከማሳው አልፎ

ወደ ማጠቃለያው ከመድረሴ በፊት ከአንድ ማሳ የሰፋ ጉዳይ ላንሣ። በየጊዜው «ዋግን የሚቋቋም ዝርያ ስጡንና እንገላገል» የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ሐሳቡ መሠረት አለው። የፍሬ በሽታ የሆነው ሲቢዲ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታወቅ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በገበሬው ማሳና በደን ውስጥ በሽታው ሳይነካቸው የቆሙትን ዛፎች እየፈለጉ ዘር ሰበሰቡ፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ከዚያ ሥራ የተገኙ ናቸው። የቁጥሮቹ መነሻ 74 የሚያመለክተው የተመረጡበትን ዓመት 1974ን ነው። መድኃኒቱ ከፋብሪካ ሳይሆን ከራሳችን የዘር ሀብት ነበር።

ነገር ግን አንድን በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ሌላውን ይቋቋማል ማለት አይደለም። ዋግ በቆላማና ሞቃት አካባቢዎች ሲበረታ ሲቢዲ በደጋማና እርጥብ ቦታዎች ይበረታል፤ ለአንዱ የተመረጠ ዝርያ ከቦታው ውጭ ሲተከል ለሌላው ይዳረጋል። ዋግም ይለወጣል፤ እስካሁን ከ50 በላይ የፈንገሱ ዝርያዎች ተለይተዋል። በሆንዱራስ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው የተተከለው ሌምፒራ የተባለ ዝርያ ከዓመታት በኋላ በዚያው በሽታ ተጠቅቷል። እንግዲህ የሲሎን ትምህርት ዛሬም አላረጀም፤ ሰፊ መሬትን በአንድ ዓይነት ዘር መሸፈን ለፈንገሱ መንገድ መጥረግ ነው። በካፋ፣ በሸካ፣ በኢሉባቦርና በባሌ ደኖች ውስጥ የሚገኘው የቡና ብዝኃ ሕይወት ለእኛም ለዓለምም የወደፊት መድኃኒት ቤት ነው። ያ ደን ከተመነጠረ ከእርሱ ጋር የሚጠፋው የዘር ባሕርይ በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይገዛም።

እንግዲህ ያልኩትን በአጭሩ ልሰብስብ። ቅጠል ሲረግፍ አስቀድመን ማሳውን እንዙር፤ ጉዳቱ በሁሉም ላይ ነው ወይስ በአንዳንዱ? ቅጠሉ አሮጌ ነው ወይስ ለጋ? እንገልብጠው፤ ብርቱካናማ ዱቄት አለው? ዛፉ በሙሉ ከጠወለገ ልጡን እንፋቅ፤ ጥቁር መስመር ነው ወይስ ነጭ ድር? ዋግ ከሆነ ለሚቀጥለው ክረምት ከአሁኑ እንዘጋጅ። አጠውልግ ከሆነ ዛሬውኑ ነቅለን እዚያው እናቃጥል፣ ስለቱንም እናጽዳ። ረሃብ ከሆነ እንመግበው፤ ሸክም ከሆነ እንግረዘው፣ ጥላውንም እናስተካክል። መለየት ካቃተን ደግሞ የታመመውን ብቻ ሳይሆን ጤነኛውንም ቅጠል፣ ከተቻለም የግንዱን ቁራጭ በወረቀት ጠቅልለን በአቅራቢያችን ወዳለው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንውሰድ። በላስቲክ የታፈነ ቅጠል በመንገድ ላይ ይሻግታል፤ የመጀመሪያውን ምልክት ያጠፋዋል።

በተለይ ለተማሪዎቼ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ወደ ገበሬው ማሳ ስትሄዱ ከመናገራችሁ በፊት ጠይቁ። ዛፉ መቼ እንደተተከለ፣ አምና ምን ያህል እንዳፈራ፣ ጥላው መቼ እንደተቆረጠ፣ አረሙን ማን በምን እንደመነጠረው የሚያውቀው እርሱ ነው። ግማሹ ምርመራ በእርሱ መልስ ውስጥ ይገኛል። ሌላው ግማሽ በቅጠሉ ጀርባ ላይ ነው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ቅጠል ይዛችሁ የመጣችሁም ወደ ፊት አምጡትና አብረን እንየው።